መልክና ንክኪ፦ ብርቅ ሸክላ በዲጂታሉ ዲጄ ዘመን

ብርቅ ሸክላ ማለት በጥቂት ቅጂ የታተመ፣ ወይም በብዛት ታትሞ ጥቂቱ ብቻ የተረፈ የሙዚቃ ዲስክ ነው። ዲጄ በቦርሳው ይዞት በመጣው ዲስክ ብቻ ይሠራ በነበረበት ዘመን የእንዲህ ያለው ሸክላ ተፈላጊነት ማብራሪያ አያሻውም ነበር፤ ሙዚቃው ሌላ ቦታ አይገኝማ። ዛሬ ያው ሙዚቃ በስልክ ይመጣል። አፕል ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2022 ያከማቸው ዘፈን 100 ሚሊዮን መድረሱን አስታውቋል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ 41 ሚሊዮን ሸክላ ተሸጠ፤ ሲዲ 33 ሚሊዮን ላይ ቀረ። ሸክላ በቁጥር ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚህ ሽያጭ አብዛኛው አዲስ ኅትመት ነው፤ ብርቁ ሸክላ በሌላ ገበያና በሌላ ዋጋ ይኖራል። ስለ እርሱ የሚነሣው ጥያቄም ከንግድ ይልቅ የፍልስፍና ነው፦ ለጆሮ አንድ ሆነው ከሚሰሙ ሁለት ነገሮች አንዱ የሚበልጠው በምኑ ነው?

የተለመደው መልስ ከድምፅ ይነሣል። የሸክላ ድምፅ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ሕይወት አለው ይባላል። ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመዘዛል። በሸክላው ገጽ ላይ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል የሚጠመዘዝ አንድ ቀጭን ፈለግ አለ። የፈለጉ ግድግዳ የድምፁን ሞገድ ቅርጽ ይዟል፤ መርፌዋ እየተከተለችው ስትርገበገብ እንቅስቃሴዋ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ድምፅ ይለወጣል። ዲጂታል ቅጂ ግን ሞገዱን ይለካዋል፤ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሸክላ ሙሉ፣ ዲጂታል የተቆራረጠ ነው ሲባል ብዙ ይሰማል። ስሕተት ነው። በዚያ መጠን የተለካ ድምፅ የሰው ጆሮ የሚደርስበትን እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ሁሉ መልሶ ያወጣል። ጉድለት የሚበዛውስ በሸክላው በኩል ነው። መርፌዋ ወደ መሐል በተጠጋች ቁጥር ድምፁ መዛባት ይጀምራል፤ ከባድ ቤዝ በግራና በቀኝ ተለያይቶ ከተቀረጸ መርፌዋን ሊያዘልላት ስለሚችል ወደ መሐል ይሰበሰባል፤ አቧራው ይንጣጣል። ሞቀ የሚባለው ድምፅ በከፊል የእነዚህ ጉድለቶች ልጅ ነው። ጉድለትን መውደድ ነውር የለበትም፤ ብቻ ስሙ ጥራት አይደለም።

ድምፅ ዋናው ምክንያት አለመሆኑን በ2022 የሆነ አንድ ነገር አጋልጦታል። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የታወቁ አልበሞችን ከመጀመሪያው ቴፕ እያወጣ በውድ ዋጋ እንደገና ያትማል፤ ደንበኞቹም በሥራው መሐል ዲጂታል የሚባል ነገር እንደማይገባ ያምኑ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ግን ከ2011 ጀምሮ ብዙዎቹ ሸክላዎች ሲዘጋጁ ድምፁ መጀመሪያ ወደ ዲጂታል ያልፍ እንደነበር የኩባንያው መሐንዲሶች አመኑ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ስምምነት ተዘጋ። ከተቆጡት መካከል እነዚያኑ ሸክላዎች ለዓመታት ሲያደንቁ የኖሩ፣ በጆሯቸው የሚኮሩ ሰዎች ይገኙበታል። ከመርፌዋ የሚወጣው ድምፅ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ያው ነው። የተለወጠው ስለ ድምፁ የዘር ሐረግ የሚያውቁት ነበር።

የዘር ሐረግ የአንድን ነገር ዋጋ ሊወስን ይችላል ወይ? ኔልሰን ጉድማን የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ጥበባትን በዚህ ጥያቄ ይለያቸዋል። ሥዕል ሐሰተኛ ቅጂ ይኖረዋል፤ የሠዓሊው እጅ ያላረፈበት፣ የቱንም ያህል ቢመሳሰል፣ ያ ሥዕል አይደለም። ሙዚቃ ግን ኖታው በትክክል እስከተጫወተ ድረስ ማንም ቢጫወተው ያው ሙዚቃ ነው። በሁለቱ መካከል ከአንድ የመዳብ ሰሌዳ በብዛት የሚታተም ሥዕል አለ፤ ከዚያ ሰሌዳ የወጣው ሁሉ እውነተኛ ነው፣ ከሌላ ሰሌዳ ተመሳስሎ የወጣው ግን ሐሰተኛ። ሸክላ የዚህኛው ዘመድ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ላከር በሚባል ለስላሳ ዲስክ ላይ ይቀረጻል፤ ላከሩ በብረት ይለበጣል፤ ከብረቱ «አባት»ና «እናት» የሚባሉ ቅርጾች ይወለዳሉ፤ ከእናቲቱ የሚወጣው ማተሚያ የጋለውን ፕላስቲክ ተጭኖ ሸክላ ያደርገዋል። ማተሚያው ሲያረጅ ይለወጣል። ልምድ ያለው ሰብሳቢ ሸክላ ሲያነሣ ዘፈኑ ያለበትን ገጽ ለጭረት ያህል ዓይቶ ያልፈዋል። ከዚያ ዲስኩን ወደ መብራት አዘንብሎ፣ ሙዚቃው ባለቀበትና የመለያ ወረቀቱ በሚጀምርበት መካከል ያለውን ባዶ ቀለበት ያነብባል። እዚያ ጥቃቅን ቁጥሮችና ፊደሎች ተጭረዋል፤ ዲስኩ ከየትኛው ቅርጽ እንደተወለደ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። አንዳንዴ የላከሩ ቀራጭ የስሙን መነሻ ፊደል በእጁ ጭሮ ይተዋል።

ከጉድማን በፊት ዋልተር ቤንያሚን የሚባል ጀርመናዊ አይሁዳዊ ጸሐፊ በ1930ዎቹ አጋማሽ የዘር ሐረግ ነገር በራሱ ጊዜ ያበቃል ብሎ ነበር። ማሽን የሚያባዛው ጥበብ «እዚህ ብቻ፣ አሁን ብቻ» የሚያሰኘውን ግርማ ያጣል፤ ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ፎቶ ስለሚታጠብ እውነተኛው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ክርክሩ ይህ ነው። ሰብሳቢዎች አልሰሙትም። የመጀመሪያው እጥበት፣ የመጀመሪያው ኅትመት እያሉ በብዜቱ ውስጥ አዲስ ብኵርና ፈጠሩ። ቤንያሚን ራሱም ከዚህ ነፃ አልነበረም፤ በ1931 መጽሐፎቹን ከሣጥን ስለማውጣት በጻፈው ሌላ ድርሰት፣ እያንዳንዱ ቅጂ በየትኛው ከተማና በምን አጋጣሚ እጁ እንደገባ በፍቅር ይዘረዝራል። ማሽን ያተመው ዕቃ ዕጣ ፈንታ ሊኖረው እንደሚችል በዚያ ድርሰት የሚናገረው እርሱው ነው።

ፈላስፎቹ የተከራከሩበትን ነገር ሃይማኖት ቀደም ብሎ ያውቀዋል። በክርስትና ምእመን ወደ ቅዱሱ ነገር ከሚቀርብባቸው መንገዶች አንዱ መልክ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ስለ ንጉሥ ምስል በተናገረው መሠረት ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ ያልፋል። ስለዚህ የእመቤታችን ሥዕል በብራና ላይ ቢሣል፣ በወረቀት ቢታተም፣ በሚኒባስ መስተዋት ላይ ቢለጠፍ፣ ያው የእርሷ ሥዕል ነው። ሌላው መንገድ ንክኪ ነው። በግሸን ደብረ ከርቤ እንዳለ በትውፊት የሚታመነው ግማደ መስቀል የሚከበረው መስቀል ስለመሰለ አይደለም፤ መስቀል የሚመስልማ በየሰዉ አንገት ላይ አለ። የሚከበረው ከዚያው እንጨት ስለሆነ ነው። ከጻድቅ መቃብር የሚዘገን አፈር፣ ከደመራ ተወስዶ በግንባር ላይ የሚደረግ አመድ ማንንም አይመስሉም፤ ዋጋቸው የመጡበት ቦታ ነው።

ዲጂታል ፋይል መልክ ነው፤ በሺህ ቢባዛ አይጎድልም፣ አይናቅምም። ብርቅ ሸክላ የሚፈለገው በንክኪ ነው። ይህን ካልለዩ በሸክላ ወዳጅና በፋይል ወዳጅ መካከል ያለው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ አንዱ ስለ መመሳሰል ሲናገር ሌላው ስለ መምጫ ይመልሳልና። አስቸጋሪው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ ንክኪው ከምን ጋር ነው? ዘፋኙ ዲስኩን አልነካውም። ምናልባት ፋብሪካው ያለበትን አገር እንኳ አላየውም። ሸክላው የነካው ዘመኑን ነው፤ ዘፈኑ አዲስ በነበረበት ሳምንት ታትሞ፣ በዚያ ዘመን ሰው እጅ ገብቶ፣ በዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ የዞረ ዕቃ ነው። በመለያ ወረቀቱ ላይ በብዕር የተጻፈ የቀድሞ ባለቤት ስም ሲገኝ አንዳንዱ ገዢ ዋጋ ይቀንሳል፤ በንክኪ ለሚያምን ግን ያ ስም የምስክር ፊርማ ነው።

ታቦት ደግሞ ከመልክም ከንክኪም ያልሆነ ነገር ያሳያል። በትውፊት ዋናው በአክሱም ጽዮን ነው፤ በየደብሩ ያለውን ግን ማንም ቅጂ ነው ብሎ አያሳንሰውም። በጳጳስ እጅ በቅብዐ ሜሮን ከብሮ ቅዳሴ የሚቀደስበት ታቦት ሙሉ ታቦት ነው። ክብሩ ከቡራኬና ከአገልግሎት ይመጣል። ሸክላን ከቅድስና ጋር ማስተካከል አይገባም፤ የአስተሳሰቡ መንገድ ግን ይመሳሰላል፤ ተራ የፋብሪካ ዕቃን ተፈላጊ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ያገለገለበት ጉባኤ ነው።

ለዚህ ከሰሜን እንግሊዝ የተሻለ ምሳሌ የለም። በዊጋን ከተማ ዊጋን ካሲኖ በሚባል አዳራሽ ከ1973 እስከ 1981 ወጣቶች በአሜሪካ ጥቁሮች የሶል ሙዚቃ ሲጨፍሩ ያነጉ ነበር። የሚወዱትም በአገሩ ያልተሸጠውን፣ የከሰረውን ሙዚቃ ነበር። ፍራንክ ዊልሰን በ1965 «ዱ አይ ላቭ ዩ» የተባለ ዘፈን ሞታውን ለሚባለው የዲትሮይት ሙዚቃ አሳታሚ እኅት ኩባንያ ቀርጾ ነበር፤ ዘፈኑ ገበያ ሳይወጣ ቀረ፣ የታተሙት የሙከራ ቅጂዎችም በአብዛኛው ተወገዱ፣ እርሱም ወደ ፕሮዲውሰርነት ዞረ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ዘፈኑ እንግሊዝ ደረሰና በዚያ ሕዝብ ዘንድ እንደ መዝሙር ሆነ፤ በ2009 ከተረፉት ቅጂዎች አንዱ ከ25,000 ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ሸክላው በዲትሮይት ከተወለደበት ቀን ይልቅ በላንካሺር ጨፋሪዎች መካከል ያገኘው ሁለተኛ ልደት ነው ዋጋውን የሰጠው።

ይኸው ዘፈን መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የታወቀው ኤዲ ፎስተር በሚል የሐሰት ስም ነበር። ስምን መደበቅ የዲጄው ሙያ አካል ሆኖ ኖሯል። በ1950ዎቹ ጃማይካ ኮክሰን ዶድና ዱክ ሪድ የሚባሉት የድምፅ ማጉያ ባለቤቶች ተፎካካሪ እንዳያውቅባቸው የሸክላውን መለያ ይፍቁ ነበር። ኮክሰን «ኮክሰን ሆፕ» ብሎ ለዓመታት ሲያጫውተው የኖረው የዊሊስ ጃክሰን «ሌተር ፎር ዘ ጌተር» ነው፤ ዱክ ሪድ ያንኑ ዲስክ አግኝቶ ያጫወተ ቀን የኮክሰን ምሥጢር አበቃ። ከጃማይካ ወደ ኒው ዮርክ የሄደው ዲጄ ኩል ኸርክም በ1970ዎቹ ብሮንክስ ውስጥ የሸክላዎቹን መለያ በውኃ እያራሰ ይልጥ ነበር። እዚህ ላይ የብርቁ ነገር ጨለማ ጎን ይታያል። ሙዚቃን የሚወድ ሰው ሌላው እንዲሰማው ይፈልጋል፤ ብርቅን የሚወድ ሰው ሌላው እንዳይኖረው ይፈልጋል። ዲጄው ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ነው የሚፈልገው፦ አዳራሹ ሁሉ ይስማ፣ ማንም ግን አይያዘው። ዛሬ አንድ ወጣት ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው ቢያዞር የዘፈኑ ስም በሰከንዶች ይመጣለታል፤ ምሥጢሩ ስለፈረሰ የቀረው ባለቤትነት ብቻ ሆነ። የዋጋው መናር አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል።

የኢትዮጵያ ሸክላ በዚህ ገበያ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። (ስሙም ይስማማዋል፤ የድሮው የሼላክ ዲስክ ሲወድቅ እንደ ጀበና ይሰበር ነበር።) ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በርሊን ውስጥ ያስቀረጹት ድምፅ ዛሬ የሚሰማው ዲስኮቹ ስለተረፉ ነው። የአገር ውስጡ የሸክላ ዘመን ግን አጭር ነበር። የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ቴአትር ሆኖ ሳለ አምሃ እሸቴ በ1969 በድፍረት የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞችን አወጣ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ዲስኮቹ በባሕር ማዶ ፋብሪካ ታትመው ይመጡ ነበር። አሊ ታንጎ በሚል ስም የታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ሪከርድስ ተከተለ። ከዚያ አብዮት መጣ፣ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው፣ አምሃ ተሰደደ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ካሴት ሸክላን ከገበያ አስወጣው። በካሴት ዘመን የድሮ ሸክላ ማጫወቻው የተበላሸበት ቤት ሸክም ነበር። ብርቅነት እንዲህ ነው የሚፈጠረው፤ ማንም አስቦበት ሳይሆን ቸል ተብሎ።

የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታተመ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ የአልበም ኅትመት ጀመረ፤ በ2005 የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ በፊልሙ ተጠቀመበት። ከዚያ በኋላ በለንደንና በቶኪዮ ያሉ ዲጄዎች የአምሃንና የካይፋን መለያ ከሩቅ የሚያውቁ ሆኑ። የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» በ1977 በካይፋ የወጣ ነው፤ የመጀመሪያው ኅትመት በሺዎች ዶላር ሲሸጥ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። አሮጌ ሸክላ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ለሙዚቀኛው አምስት ሳንቲም አይደርሰውም። የሚጠቅመው ዳግም ኅትመቱ ነው፤ አልበሙ በ2014 እንደገና ታትሞ ኃይሉ ወደ መድረክ በተመለሰበት ጉዞ ላይ ስንቅ ሆኖታል። ንክኪን የሚያመልክ ገዢ ክብሩን ለሰውየው ሳይሆን ለዕቃው ይሰጣል፤ መልክ ይበቃኛል የሚለው ነው ዞሮ ዞሮ ለሰውየው የሚከፍለው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የቅዱሳን ዐፅም ንግድ ደርቶ የ1215ቱ የላተራን ጉባኤ ሽያጩን እስከመከልከል ደርሷል፤ ሐሰተኛ ዐፅም እንደበዛው ሁሉ ብርቅ ሸክላም ተመሳሳይ ሐሰተኛ ኅትመት አለው። ንክኪ ዋጋ ባለው ቦታ ሁሉ ነጋዴውና አስመሳዩ አይጠፉም።

ከባለቤትነት የማይቆጠር ሌላ መስሕብም አለ፤ እርሱ ከጾም ጋር ይዘመዳል። ትልቅ ሸክላ ከነመሸፈኛው ሩብ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ዲጄው ከቤቱ ሳይወጣ ብዙውን መተው አለበት። በላፕቶፕ የሚመጣው ምንም አልተወም። ሥራው ላይም ልዩነቱ ይታያል። ባለ ሸክላው አንዱን ጆሮውን በማዳመጫው ሸፍኖ፣ ሌላውን ለአዳራሹ ትቶ፣ ቀጣዩን ዲስክ በጣቶቹ ጫፍ ገታ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከዲስኩ በታች በተነጠፈው ጨርቅ ሥር ያለው የማጫወቻው ሰሌዳ መዞሩን አያቆምም። ምቱ ሲገጥም ይለቀዋል። ሁለቱ ዘፈኖች ከተዛነፉ የዲስኩን ጠርዝ በጣቱ ነካ እያደረገ ያቀናዋል፤ ካልተሳካለት አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል። ሶፍትዌሩ ይህንን በአንድ ቁልፍ ይሠራዋል፣ ብዙም አይሳሳትም። ገደብን በራሱ ላይ የጣለ ሰው ምርጫው ክብደት ያገኛል፤ መነኩሴ ከገበያ የሚርቀው ገበያው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ይህ መስሕብ ግን ሸክላው ብርቅ እንዲሆን አያስገድድም፤ ከማንኛውም ርካሽ ዲስክ ይገኛል።

የዲጂታሉ ዘመን በመጨረሻ መልክንና ንክኪን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አገናኝቷቸዋል። በ2004 እንደወጣው ሴራቶ ባሉ የኮምፒውተር ሥርዓቶች የሚያገለግለው መቆጣጠሪያ ሸክላ ሙዚቃ የለበትም፤ በፈለጉ ላይ ያለው መርፌዋ የት እንዳለችና በምን ፍጥነት እንደምትሄድ ለኮምፒውተሩ የሚናገር የምልክት ድምፅ ነው። እጅ ዲስክ ይይዛል፣ ሙዚቃው ከፋይል ይወጣል። ብርቅ ሸክላ ያላቸው ብዙ ዲጄዎች ዋናውን ዲስክ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ወደ ፋይል ይገለብጡትና ለአዳራሹ በዚህ መንገድ ያጫውቱታል። ምክንያት አላቸው፤ መርፌዋ በሄደች ቁጥር ከፈለጉ ግድግዳ ጥቂት ትልጣለች፣ ስለዚህም በገበያው ከፍተኛውን ዋጋ የሚያወጣው ጨርሶ ያልተጫወተው ቅጂ ነው። በዊጋን የጨፈሩትን የሚያስታውሰው፣ የተጫረውና የሚንጣጣው፣ ከእርሱ በታች ይሸጣል። ዋናው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ይቆማል፤ በአዳራሹ የሚዞረው ባዶ ዲስክ ደግሞ ሲያልቅ ይጣልና ሌላ ይገዛል።